ግራው ይዘገያል

«ለአጎትህ ጨው ያቀብለኝ በለው።»

አባቴ ይህን ሲለኝ አጎቴ ከእርሱ ከአንድ ክንድ በማይበልጥ ርቀት ላይ ተቀምጧል። የጨው ዕቃው ያለው በአጎቴ ክርን አጠገብ ነው። እኔ ከገበታው ማዶ፣ ጉንጬ በዳቦ እንደ ተወጠረ፣ ማንኪያዬን አስቀምጬ፣ «ጋሼ፣ አባዬ ጨው አቀብለኝ ይልሃል» እላለሁ። አጎቴም ከሐሳቡ እንደ ነቃ ሰው ብድግ ብሎ፣ «ታዲያ ቀደም ብሎ አይልም!» ይልና ዕቃውን ይገፋለታል። አባቴ ሾርባው ላይ ጨው እየነሰነሰ፣ «እግዜር ይስጥልኝ በለው» ይለኛል። እላለሁ። የእኔ ሾርባ በዚህ መካከል ይቀዘቅዛል።

ያንን ገበታ ባሰብኩ ቁጥር፣ ጠጉሬ ሸብቶም እንኳ፣ ደሜ ይፈላል።

አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው። ሚስቱ ከሞተችበት ጊዜ ጀምሮ ምሳውን ከእኛ ጋር ይበላ ነበር። ሥራው ፓይለት ነው፤ ባለ ሁለት ሞተር የጭነት አውሮፕላን ያበርራል። አባቴ ደግሞ በዚያው አውሮፕላን ማረፊያ የፕሮፔለር ክፍል መካኒክ ነበር። አንዱ የሚጠግነውን ሌላው ያበርራል፤ ከአንድ ገበታ ይቆርሳሉ፤ ነገር ግን አንድም ቀን ፊት ለፊት ሲነጋገሩ አላየሁም። አባቴ የሚለው ነገር ሲኖረው በእኔ ወይም በእናቴ በኩል ያስተላልፋል። አንዳንድ ጊዜ ረስቶ በቀጥታ ቢናገር፣ በዚያ ከደረቱ ሥር በሚወጣ ጎርናና ድምፁ፣ አጎቴ ቀና ብሎ እንኳ አያየውም፤ ዳቦውን ይገምጣል።

እኔ በዚያን ጊዜ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩና ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ አሳምሬ ዐውቅ ነበር። ከወንበር ጓደኛዬ ጋር የተኳረፍን ሰሞን እኛም፣ «ላጲሴን መልስልኝ በለው»፣ «ራሱ ይውሰድ በለው» እየተባባልን በሦስተኛ ሰው በኩል እንነጋገር ነበር። የእኛ ኩርፊያ ግን ከሳምንት አያልፍም። እነዚህ ጢም ያወጡ ሰዎች ወራት አስቆጠሩ። እናቴ እንኳ ድስቱን ይዛ ከመካከላቸው ስትቆም፣ «ከሁለት ግንብ መካከል ጣለኝ!» እያለች ጣራውን ታይ ነበር።

የኩርፊያቸው ምክንያት ገቨርነር የሚባል የፕሮፔለር ፍጥነት መቆጣጠሪያ መሆኑን ደግሞ በገዛ ዓይኔ አየሁ።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ አባቴ ወደ ሥራው ይዞኝ ይሄድ ነበር። አንድ ጠዋት በመሥሪያ ቤቱ ፒካፕ ስንጓዝ፣ ፕሮፔለር እንዴት እንደሚሠራ ደጋግሜ ስጠይቀው፣ «እጅህን በመስኮት አውጣ» አለኝ። አወጣሁ። «መዳፍህን አጋድመህ በጠርዙ ንፋሱን ቅደደው።» ነፋሱ ከላይና ከታች ሾልኮ አለፈ፤ እጄ ቀለለችኝ። «አሁን ቀስ እያልክ አዙረው።» ባዞርኩት መጠን ነፋሱ እየገፋ፣ እየገፋ፣ በመጨረሻ ክንዴን ወደ ኋላ ወረወረው።

«ምን ተሰማህ?»

«ከበደኝ።»

«የፕሮፔለሩም ምላጭ እንዲሁ ነው። ሲጋደም አየሩን በጥቂቱ ይቆርሳል፤ ሞተሩ ይቀልለዋል፣ ይፈጥናል። ሲዞር ደግሞ ብዙ ይቆርሳል፤ ሞተሩ ይከብደዋል፣ ይዘገያል። ለመነሣት አነስ አነስ ያለ ጉርሻ፤ ከፍ ካሉ በኋላ ጠቀም ያለ ጉርሻ።»

«ማነው የሚያዞረው? ጋሼ ነው?»

«ጋሼ ፍጥነቱን ይመርጣል እንጂ አያዞርም። የሚያዞረው ዘይት ነው። ዘይቱን የሚያዘው ገቨርነሩ ነው።»

ገቨርነሩን የሥራ ጠረጴዛው ላይ ከፍቶ አሳየኝ። ከሁለት ጡጫ የማይበልጥ ብረት ነው። በውስጡ ከሞተሩ ጋር የሚሽከረከሩ ሁለት ትንንሽ ክብደቶች አሉ፤ ከላያቸው አንድ ስፕሪንግ ተጭኗቸዋል። ፓይለቱ እጀታውን ሲገፋ ስፕሪንጉን ያጠብቀዋል፤ ይህም «ይህን ፍጥነት ጠብቅልኝ» ማለት ነው። ሞተሩ ከታዘዘው በላይ ከፈጠነ፣ ክብደቶቹ ወደ ውጭ ይበተኑና ስፕሪንጉን ያሸንፋሉ፤ ትንሿ ቫልቭ ከፍ ትላለች፤ ከፕሮፔለሩ እምብርት ዘይት ይወጣል፤ ምላጮቹ ጠቀም ያለ ጉርሻ ይይዛሉ፤ ሞተሩ ይከብደውና ይረጋጋል። ከዘገየ ደግሞ ስፕሪንጉ በተራው ክብደቶቹን ይጫናቸዋል፤ ዘይት ይገባል፤ ምላጮቹ ይጋደማሉ፤ ሞተሩ ይቀልለዋል።

«ታዲያ በመጨረሻ ማን ያሸንፋል?» አልኩት።

«ማንም። ተፋጠው ይኖራሉ። ሥራቸው እሱ ነው።»

እንደ አንተና እንደ ጋሼ፣ አልኩ በልቤ።

የጥገናው ኃላፊ፣ ሠራተኛው ሁሉ «ዋናው» የሚለው፣ ቀጭን ሰው፣ ድምፁም ቀጭን ነበር፤ ሲናገር የበር ማጠፊያ የሚጮኽ ይመስላል። በዚያው ቀን ከቀትር በፊት እጄን ይዞ እየጎተተ ከአውሮፕላን መጠገኛው ሃንጋር ደጅ አወጣኝ። አባቴንም በጣቱ ጠራው።

«ስሙ! ስሙማ! ደግሞ እያላዘነ መጣ!»

የአጎቴ አውሮፕላን ከኮረብታው በላይ ብቅ ብላ ነበር። ድምፅዋ እንደ ሌሎች አውሮፕላኖች ቀጥ ያለ አልነበረም። ዋው… ዋው… ዋው… እያለ ይነሣል፣ ይወድቃል፤ ልክ አንድ ግዙፍ ሰው አፉን በእጁ እየከደነና እየከፈተ የሚጮኽ ይመስል። ከአጥሩ ማዶ ውሾች ተቀብለው ያላዝኑ ጀመር።

«ይኸው! ውሾቹ እንኳ ይመልሱላታል!» አለ ዋናው። «ግራው ከቀኙ ጋር አይገጥምም። ሁለቱ ፕሮፔለሮች በአንድ ፍጥነት ቢዞሩ ይህ ድምፅ ከየት ይመጣል? ንዝረቱ ብሎን ያላላል፤ ጭነት ይበትናል። ስንት ጊዜ ነው የምነግርህ?»

አጎቴ አርፎ ሲወርድ ዋናው ገና መሰላሉ ላይ ሳለ ተቀበለው።

«እኔ ሁለቱን የፍጥነት መርፌዎች አጋጥሜ ነው የማበርረው» አለ አጎቴ፣ ጓንቱን እያወለቀ። «ግራው ነው የሚዘገየው። ገቨርነሩ አይይዝም። ጠጋኙን ጠይቀው።» በአገጩ አባቴን አመለከተ።

አባቴ አንድ እርምጃ ቀርቦ፣ በዚያ ዝቅ ባለ ድምፁ፣ «ስታስተካክላቸው መርፌውን ብቻ ነው የምታየው?» አለው።

አጎቴ አልፎት ሄደ። መልስ የለ፣ ዘወር ብሎ ማየት የለ። የአባቴ ጥያቄ ከነፋስ ጋር አብሮ ሜዳውን ተሻገረ። እኔ በንዴት ጆሮዬ ጋለ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እንደ ማኅሌት ምላሽ በቃሌ እይዘዋለሁ፤ ሳይለወጥ ይደጋገም ነበርና። አባቴ ገቨርነሩን ያወርዳል። ይፈታዋል፣ ያጥበዋል፣ ይገጥመዋል። መሞከሪያው ቤንች ላይ አስሮ ያሽከረክረዋል። የፍጥነት መርፌዋ ከታዘዘችበት ቁጥር ላይ እንደ ተቸነከረች ትቆማለች፤ አባቴ እጀታውን ቢገፋም ቢስብም ተከትላ ሄዳ ትቆማለች እንጂ አትንቀጠቀጥም። ዋናው አንገቱን ሰግጎ ያያል።

«ቤንች ላይ መልአክ ነው። አየር ላይ ሲወጣ ሰይጣን ይገባበታል?»

አባቴ ገቨርነሩን ከቤንቹ ይፈታል።

በዚያ ክፍል አንድ ደንብ ነበር፤ ገቨርነር የዘጋ ሰው በሙከራው በረራ ላይ አብሮ ይበርራል። ብረቱን በገዛ እጁ የዘጋ ሰው የገዛ ነፍሱን ይዞ ይሳፈርበት፣ ነው ነገሩ። ስለዚህ አባቴ በየጊዜው ከአጎቴ በስተኋላ ባለችው ትንሽ ወንበር ላይ ይቀመጥና ይወጣሉ። ሲሄዱ ያላዝናል፤ ሲመለሱ ግን ድምፁ እንደ ሐር ልስልስ ብሎ፣ አንድ ወጥ ሆኖ ይመጣል። «ይኸው፣ ተሠራ!» ይላል ዋናው። በሳምንቱ ውሾቹ ደግሞ ይጀምራሉ።

እኔ የደረስኩበት ድምዳሜ ይህ ነበር፤ አባቴ አይችልበትም። ደግሞም አጎቴን ይፈራዋል። ልጅ ለአባቱ ሊያስበው ከሚችለው ሐሳብ ሁሉ ይህ የባሰው መሆኑን እያወቅሁ፣ ደጋግሜ አሰብኩት።

ዋናው በመጨረሻ ትዕግሥቱ አለቀ። «አንድ ጊዜ ብቻ ይመለስ፤ ወደ ጎማና ፍሬን ክፍል ነው የምትሄደው» አለው፣ እኔ ባለሁበት። ጎማና ፍሬን ጥፋት የሠራ የሚላክበት፣ ጀማሪም የሚጀምርበት ክፍል ነበር። አባቴ ዕድሜውን ሁሉ የኖረው ለፕሮፔለር ነው፤ ቤት ውስጥ የበር እጀታ ሲያጠብቅ እንኳ ጆሮውን ያስጠጋል።

በዚያው ሰሞን አጎቴ ምሳ ላይ እናቴን፣ «ይህን ልጅ ለምን አየር አላሳየውም?» አላት። አባቴ ሥራ ላይ ነበር። እናቴ አንዴ እኔን፣ አንዴ ወንድሟን አየች፤ «ሹራብ ይልበስ» አለች። ዛሬ እንዲህ ያለ ነገር የሚታሰብ አይደለም፤ ያን ጊዜ የሚጠይቅ አልነበረም።

ያቺ የኋላ ወንበር የዘይትና የሞቀ ላስቲክ ሽታ ነበራት። ከተነሣን በኋላ ምድር እንደ ተዘረጋ ልብስ ከታች ተንጣለለች፤ እኔ ግን ያየሁት ጥቂት ነው፤ ሥራ ተሰጠኝና። አጎቴ ዘወር ብሎ እየጮኸ፣ «ጨዋታ እንጫወት! ድምፁ የሚያላዝን ከሆነ እጅህን እንደሚያላዝነው አወዛውዝ። አንድ ወጥ ሲሆን ‹አሁን!› በል!» አለኝ።

ዋው… ዋው… ዋው… እጄን አወዛወዝኩ። አጎቴ ከሁለቱ እጀታዎች የግራውን በሁለት ጣት ይዞ በጣም በጥቂቱ ገፋ። ዋዉ… ዋዉ… ፈጠነ። «ባሰበት!» ጮኽኩ። ወደ ኋላ ሳበ። ድምፁ እየረዘመ፣ እየሰፋ መጣ፤ ዋ——ው… ዋ————ው… ከዚያም ሁለቱ ድምፆች እንደ ሁለት ወንዝ ተገናኝተው አንድ ሆኑ። የወንበሩ ንዝረት ሳይቀር ቆመ።

«አሁን!»

አጎቴ እጁን ከእጀታው አንሥቶ በሁለት ጣቱ ጉንጬን ቆነጠጠኝ። «አንተ ነህ መካኒክ!» አለ።

ያን ክረምት አብሬው ያልበረርኩበት ሳምንት ጥቂት ነው። ዋናው ደጅ ቆሞ፣ «ተመስገን! ለቀቀው!» እያለ እጁን ያሻሸ ነበር። ውሾቹ ዝም አሉ። አባቴ ስንትና ስንት ጊዜ ፈትቶ ያልጠገነውን እኔ በእጄ ማወዛወዝ ጠገንኩት፤ እንዲህ ነበር ያመንኩት። አባቴ ሊደሰት ይገባው ነበር። አልተደሰተም። ስንመለስ ከሃንጋሩ ጥላ ሥር ሆኖ ያየናል፤ መፍቻውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው ያዛውራል። ቀንቷል አልኩ።

መቅናቱን ያረጋገጥኩት በጓሯችን ነው። አባቴ ሲጮኽ ሰምቼ የማላውቅ ልጅ፣ በኩሽናው መስኮት በኩል የአባቴን ጩኸት ሰማሁ። ከአጎቴ ፊት ቆሞ፣ የአንገቱ ሥሮች ተገታትረው፣ በሙሉ ጉልበቱ ይጮኻል፤

«ልጄን! አታሳፍረው! ልጄ! የአውሮፕላን! መለዋወጫ! አይደለም!»

«ምን አጠፋሁ? ልጁ ደስ ብሎታል!»

«ለምን እንደምትወስደው! ታውቃለህ! እኔም! አውቃለሁ!»

«አትጩኽብኝ!» አለ አጎቴም እየጮኸ። «ደንቆሮ መሰልኩህ?»

አባቴ አፉን እንደ ከፈተ ቀረ። ከዚያ ትከሻው ወረደ፤ ድምፁም ወረደ፤ አንድ ነገር ተናገረ።

«ምን?» አለ አጎቴ።

አባቴ ወደ እናቴ ዞረ። እናቴ የታጠበ ልብስ በእጅዋ ጨብጣ፣ ዓይኗን ወደ ገመዱ አድርጋ፣ «አይደለህም ይልሃል» አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በረራው ተከለከለብኝ። እኔ ለአውሮፕላን የማልበቃ፣ ዕቃ እንኳ የማልሆን መሆኔን አባቴ ለሰፈር አሰማ፤ የሰማሁት እንዲህ ነው። ለብዙ ቀን አኮረፍኩት። «ለአጎትህ እንዲህ በለው» ሲለኝ፣ «ራስህ በለው» አልኩት። ተመለከተኝና፣ በእርጋታ፣ «እሺ፤ ይቅር» አለኝ። ጨው የሌለውን ሾርባ ጠጣ።

ትምህርት ቤት ሊከፈት ጥቂት ቀን ሲቀር ውሾቹ ያላዝኑ ጀመር።

ዋናው ወደ ፕሮፔለር ክፍል ሲገባ አባቴ ገቨርነሩን አውርዶ ቤንቹ ላይ አስሮት ነበር። እኔ ቤንቹ አጠገብ በርጩማ ላይ ቆሜ መርፌዋን እመለከታለሁ። ዋናው በሩን ዘጋው። ድምፁም እንደ ልማዱ አልጮኸም።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። እኔም ጆሮ አለኝ፣ ዓይንም አለኝ። ልጁ አብሮ ሲበር ልክ ነው። አንተ አብረህ ስትበር ልክ ነው። ብቻውን ሲሆን ያላዝናል። ችግሩ ዕቃው ነው ወይስ ሰውየው?»

አባቴ እጁን ገቨርነሩ ላይ አሳረፈ፤ በሽተኛ ግንባር ላይ እንደሚያሳርፉት። ቤንቹ ያጉረመርማል። መርፌዋ አልተንቀሳቀሰችም።

«ዕቃው ነው።»

«ይኸው ልክ ነው እኮ!»

«እዚህ ልክ ነው። አየር ላይ አልቻልኩትም። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«ኧረ ውሸት ነው!» ብዬ ከበርጩማው ዘለልኩ። «ንቅንቅ አላለችም! አባዬ ሠርቶታል! እዩዋት እንጂ!»

«ዝም በል» አለኝ አባቴ።

«እዩዋት!»

ዋናው መርፌዋን አየ፤ እኔን አየ፤ በመጨረሻ አባቴን ረዘም ላለ ጊዜ አየው። «እንግዲህ ራስህ ነህ ያልከው» አለ። «ነገ ጎማ ክፍል።» ሲወጣ በሩን ሳይዘጋው ሄደ።

መንገድ ላይ በፒካፑ ውስጥ አላናገርኩትም። እጄንም በመስኮት አላወጣሁም። ያልሠራውን ጥፋት የሚቀበል፣ የሠራውን ሥራ የሚክድ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? እንዲህ ብዬ በልጅነት ልቤ ፈረድኩበት። ፍርዱን ዛሬ አንሥቼዋለሁ፤ ጥያቄውን ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ አላነሣሁትም።

በማግሥቱ አባቴ ለምሳ የጎማ ሽታ ይዞ ገባ። ጥፍሮቹ ሥር ያለው ጥቁረት እንኳ ተለውጧል፤ የዘይት አንጸባራቂ ጥቁር ሳይሆን የደነዘ የጎማ ትቢያ ነው። አጎቴ ዳቦውን ሊቆርስ ሲል አፍንጫውን አነሣ።

«ይኼ የጎማ ሽታ ከየት መጣ?»

አባቴ ሾርባውን ያማስላል።

እናቴ ናት የነገረችው፤ በዚያ በቀጭኑ፣ ጥርት ባለ ድምፅዋ፣ ቃል በቃል። ገቨርነሩ ነው እንዳለ፤ አልቻልኩትም እንዳለ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው እንዳለ።

አጎቴ ማንኪያውን አስቀመጠ። ፊቱ ቀስ በቀስ ወደ አመድ ተለወጠ።

«ማን በለው አለው? ማን ተሸከመኝ አለው? ንገሪው እስቲ…»

«አልነግርም!» እናቴ የድስቱን ክዳን ገበታው ላይ ጣለችው፤ ክዳኑ እየተንቀጨቀጨ ዞሮ ዞሮ ቆመ። «ዛሬስ አልነግርም! ሰለቸኝ! ሁለታችሁም አፍ አላችሁ። ይህ ልጅ አንድ ቀን ሾርባውን በሙቀቱ በልቶ አያውቅም! ራስህ ንገረው፤ ራሱ ይንገርህ!»

አጎቴ እጆቹን ገበታው ላይ ዘረጋ። እነዚያን እጀታውን የሚነኩ ሁለት ጣቶቹን አየ።

«አፉ ሲንቀሳቀስ አያለሁ» አለ። «ድምፁ ግን አይመጣልኝም።»

በሕይወቴ ከሰማሁት ስድብ ሁሉ የከፋው መሰለኝ። ሰው ገበታውን እየበላ ባለቤቱን እንዲህ ይላል? አባቴ ተነሣና እጁን ዘርግቶ የአጎቴን ትከሻ ጨበጠ። አሁን ይጥለዋል ብዬ ወንበሬን ያዝኩ። አልጣለውም። ጨብጦት ቆመ። እናቴ ፊቷን ወደ ምድጃው አዙራ፣ አፍንጫዋን በልብሷ ጫፍ ጠረገች።

ያን ሳምንት ሳያልቅ አጎቴ መብረር አቆመ። ራሱ ወደ ዋናው ሄዶ ነው ተባለ፤ ከዚያ በኋላ የጭነት ሚዛን ይቆጣጠር ጀመር። አባቴ ወደ ፕሮፔለር ክፍል ተመለሰ። እኔም የሒሳቡን ውጤት ጻፍኩ፤ ተፋጠው ከነበሩት ሁለቱ አንዱ አሸነፈ፤ ያሸነፈው አባቴ ነው፤ አጎቴን ከሰማይ ያወረደው እርሱ ነው። ይህን አምኜ አደግሁ። ለአባቴ በዓመታት ውስጥ የነፈግሁት ነገር ብዙ ነው።

ትክክለኛውን ነገር ያወቅሁት አጎቴን ወደ ጆሮ ሐኪም የመውሰዱ ተራ ለእኔ በደረሰ ጊዜ ነው። በመስታወት በተከለለች ጠባብ ክፍል ውስጥ አስቀመጡት፤ ማዳመጫ ጆሮው ላይ አደረጉለት፤ ድምፅ በሰማ ቁጥር እጁን እንዲያነሣ ነገሩት። ሐኪሟ ከእኔ ጎን ሆና ቁልፍ ትጫናለች። ቀጫጭኖቹ ሲላኩ አጎቴ እንደ ጎበዝ ተማሪ እጁን ያነሣል። ወደ ጎርናኖቹ ስትወርድ እጁ ጭኑ ላይ ቀረ። ቆየች፤ ድምፁን ጨመረች፤ ቀረ። አጎቴ በመስታወቱ ውስጥ ሆኖ ለእኔ ፈገግ ይላል፤ ገና አልጀመረችም ብሎ ነው።

«ብዙ ጊዜ የሚቀድመው ቀጭኑ ነው፤ የእሳቸው በተገላቢጦሽ ነው» አለችኝ። «ለብዙ ዓመት የቆየ ይመስላል። ድምፀ ወፍራም ሰው ሲናገር አይሰሙም ነበር?»

እዚያው እንደ ቆምኩ ገበታው፣ ጓሮው፣ የኋላ ወንበሩ ሁሉ አንድ በአንድ ቦታቸውን ለወጡ። የእናቴ ድምፅ ቀጭን ነው፤ የዋናው ቀጭን ነው፤ የእኔም፣ ያን ጊዜ፣ ቀጭን ነበር። አባቴና አጎቴ አልተኳረፉም፤ አጎቴ አባቴ የሚናገረውን አይሰማም ነበር። አባቴ በጓሮው የጮኸው ለመሰማት ነው። ሁለቱ ገቨርነሮች እያንዳንዳቸው የታዘዙትን ፍጥነት በታማኝነት ይጠብቁ ነበር፤ ሁለቱን እርስ በርስ ማጋጠም ግን የፓይለቱ ጆሮ ሥራ ነው፤ መርፌዎቹ ያን ያህል ጥቃቅን ልዩነት አያሳዩም። አጎቴ መርፌዎቹን አጋጥሞ፣ ያላዝናል ሲባል ከልቡ ገቨርነሩን ጠረጠረ። አባቴም በሙከራው በረራ ከኋላ ሆኖ፣ ጥብቀቱን የሚመረምር መስሎ፣ እጀታውን በፀጉር ያህል ገፋ ሳብ ያደርግለት ነበር። ጆሮው እንደማይሰማ አጎቴ ራሱ ከመቼ ጀምሮ እንዳወቀ ዛሬም አላውቅም። «ጨዋታ እንጫወት» ሲለኝ ግን ያውቅ ነበር።

ለእናቴ ስነግራት፣ «እንዴ፣ አታውቅም ነበር?» አለችኝ፤ እንደ ሞኝ አየችኝ። «አባትህ ነግሮህ መስሎኝ።» አባቴን ጠየቅሁት፤ «እናትህ ነግራህ መስሎኝ» አለ። የቤታችን ሥርዓት ይህ ነው።

«ለምን ለዋናው አልተናገርክም?» አልኩት። «የማይሰማ ሰው ነበር እኮ የሚያበርረው!»

«ሬዲዮውን ይሰማ ነበር።»

«ጥያቄዬ እሱ አይደለም።»

«የሬዲዮው ድምፅ ቀጭን ነው።»

«አባዬ!»

«ራሱ ይለዋል ብዬ ጠበቅሁ» አለ በመጨረሻ። «የራሱ ነገር ነው። ሌላ ሰው ሊለው አይገባም።»

ትክክል አልነበረም። ይህን እንደ መምህርነቴ፣ እንደ ሥርዓት አክባሪ ሰው፣ ፊት ለፊት ነግሬዋለሁ። አውሮፕላን የይሉኝታ ቦታ አይደለም። አንገቱን ነቀነቀ፤ ተስማማ፤ ዳግመኛ ቢሆንም ያንኑ እንደሚያደርግ ከፊቱ ላይ በግልጽ ይነበብ ነበር።

ባለፈው እሑድ ሁለቱም ከቤቴ ምሳ በሉ። አጎቴ የመስሚያ መሣሪያ አለው፤ ነገር ግን የማንኪያው ኳኳታ ይረብሸኛል ብሎ ምግብ ሲቀርብ ያወልቀውና ከጨው ዕቃው አጠገብ ያስቀምጠዋል። ልመናም ተግሣጽም አልፈየደም። ሾርባው እንደ ቀረበ ቀና ብሎ አባቴን አየው፤ ከየት እንዳመጣው እንጃ፤

«ያ የግራው ገቨርነር ግን ምን ነበር ችግሩ?» አለ።

እኔ ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። የምርመራውን ውጤት ያውቃል፤ ሐኪሟ በወረቀት ላይ ሥላ አሳይታዋለች። መሣሪያው ፊቱ ተቀምጧል። አባቴን አየሁት፤ አሁን እንኳ፣ ሁሉ ካለፈ በኋላ፣ በሽምግልና ጊዜ፣ አንድ እውነት ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ።

አባቴ ሾርባውን አማሰለ።

«ስፕሪንጉ ነበር በለው» አለኝ። «ደክሞ ነበር።»

«አባዬ፣ እባክህ…»

«በለው።»

ሾርባዬ መቀዝቀዝ ጀምሯል። ጎርናና ከሆነ ቆይቷልና፣ ድምፄን እንደ ልጅነቴ ለማቅጠን ጉሮሮዬን ጠራረግሁ።

«ጋሼ! ስፕሪንጉ ነበር ይልሃል! ደክሞ ነበር!»

የአጎቴ ፊት በራ። ገበታውን በመዳፉ መታ።

«አላልኩም? እኔ ያኔውኑ ብያለሁ! ግራው ይዘገያል ብያለሁ!»

ከዚያም፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ጨውን ወደ አባቴ ገፋለት።